ሁለቱ የጥቁር ወይን መደዳዎች

ፔሪና የዓመት ፈቃዷን የምትወስደው ሌላ ሰው በማይፈልገው ጊዜ ነው። ስፕሊት ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ናት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያለ ትኬት ተሳፍሮ ከእጇ ያመለጠ ሰው የለም ይባላል፤ እሷም አታስተባብልም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ የነሐሴን ፈቃድ ለማግኘት ሲናከሱ እሷ ሰኔ መባቻ ላይ አሥር ቀኗን ትወስድና ወደ ተወለደችበት ደሴት፣ ወደ ኮርቹላ ትሻገራለች። ባሕሩ ገና ሳይሞቅ ምን ልትሠሪ ነው እያሉ ይስቁባታል። ለባሕሩ እንደማትሄድ መጀመሪያ ሰሞን ታስረዳ ነበር፤ ኋላ ግን ሰለቻትና ተወችው።

የምትሄደው ለወይኑ አበባ ነው። አባቷ ሲሞቱ ቤቱን ለታናሽ ወንድሟ ለሎቭሬ፣ ከሉምባርዳ መንደር በታች ያለውን አሸዋማ ማሳ ደግሞ ለእሷ አወረሱ። ያኔ ባሕር ዳር ያለ አሸዋ ለሴት ልጅ የሚጣል መሬት ነበር። ዛሬ ዋናተኛው ሁሉ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በማሳው ጥግ እያለፈ ነው ወደ ባሕሩ የሚወርደው፤ ማታ ደግሞ እዚያው አሸዋ ላይ የበቀለውን ነጭ ወይን ጠጅ በብርጭቆ እያዘዘ ያደንቃል። ፔሪና አሥራ ስምንት መደዳ አላት። ወይኑን ግርክ ይሉታል።

ግርክ አንድ አመል አላት፤ አበባዋ ሴቴ ብቻ ነው። ሌላው ወይን ራሱን በራሱ ያፈራል፤ እሷ ግን በዚያው ሳምንት ሌላ ወይን በአጠገቧ አብቦ ብናኙ ካልደረሳት በቀር ዘለላዋ ምስር ምስር የሚያክል ፍሬ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ አባቷ በነፋሱ መምጫ በኩል ሁለት መደዳ ጥቁር ወይን ተክለውላት ነበር። ጥቁሩ ሲያብብ የከሰዓት በኋላው የባሕር ነፋስ ብናኙን ይዞ ማሳውን ያቋርጣል። ፔሪናም በየዓመቱ መጥታ የበዛውን ቅጠል እየገፈፈች ለነፋሱ መንገድ ታበጅለታለች። ሥራው ይኸው ነው፤ አሥር ቀን ይበቃዋል።

ዘንድሮ ሎቭሬ ወደብ ድረስ መኪና ይዞ መጥቶ ጠበቃት። እንዲህ ያደረገው በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ እናታቸው የሞቱ ጊዜ፣ አንዴ ደግሞ የአባታቸውን ጀልባ ሳያማክራት የሸጠ ጊዜ። ሻንጣዋን ተቀብሎ ጉንጯን ሲስማት የዘንድሮውስ ምን ይሆን አለች በልቧ። ሚስቱ ኔቬንካ ምሳ አቅርባ ነበር፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቆስጣ በድንች፣ በውሃ የተበረዘ ወይን ጠጅ። ሎቭሬ ያለወትሮው እየደጋገመ ብዪ ብዪ አላት። ፔሪና ሁለት ጉርሻ ዋጥ አደረገችና ጫማዋን ቀይራ ወደ ማሳዋ ወረደች።

ጥቁሮቹ መደዳዎች የነበሩበት ቦታ ላይ ጠጠር ተደልድሎ ስድስት መኪና ቆሟል። ከአንደኛው ሰዎች ጃንጥላና የምግብ ሳጥን እያወረዱ ነበር፤ አንዲቱ ሴት ፈገግ ብላ ሰላም አለቻት። ፔሪና ሰላምታውን መመለሷን እንኳ አታስታውስም። በጠጠሩ ዙሪያ አንዴ ዞረች፤ ከመኪና ጎማ ሥር አንድ የደረቀ የወይን ጉቶ ብቅ ብሎ አየች።

ሎቭሬ ከኋላዋ ደረሰ። የቤቱን አራት ክፍሎች ለባሕር እንግዶች እያከራየ የሚኖር ሰው ነው፤ እንግዶቹ መኪናቸውን የሚያቆሙበት አጥተው ማስቸገራቸውን፣ በክረምቱ ሊደውልላት አስቦ እንደረሳው፣ ደግሞም ምንም እንደማይጎድልባት አከታትሎ ነገራት። ከድንጋዩ ካብ ማዶ የሉሴ ጥቁር ወይን አለ፤ ነፋስ ካብ አያግደውም፤ የሉሴ ብናኝ ለሁለቱም ማሳ ይተርፋል አለ።

ፔሪና ካቡን ተሻግራ ሄደች። ሉሴ ሰባ ዓመት ያለፋት ባልቴት ናት፤ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ አረም ትነቅል ነበር። በነፋሱ መምጫ በኩል ያለው መደዳዋ ሁሉ ነጭ ወይን ነው። ፔሪና አንዱን አበባ ገልብጣ አየችው፤ ያው ግርክ፣ ሴቴ ነው። ሉሴ ጥቁሩን ከነቀለችው ሦስት ዓመት ሆኗታል።

«እትዬ ሉሴ፣ ጥቁርሽስ?»

«ነጩ ነዋ የሚሸጠው፤» አለች ሉሴ ቀና ሳትል። «የእናንተ ጥቁር እያለልኝ እኔ ለምን ቦታ ላጥፋ?»

እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠሩት እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሉሴ በእነ ሎቭሬ ጥቁር ተማምና የራሷን ነቀለች፤ ሎቭሬ ደግሞ በሉሴው ተማምኖ የእህቱን ነቀለ። ሁለቱም በየቀኑ በካቡ ላይ ሰላም እየተባባሉ አንዳቸውም ወደ ማዶ አልተመለከቱም። አምና የሉሴ ማሳ ዳር ዳሩ ፍሬ ሲነሳት ዝናቡን ተራገመች። ፔሪና ነገሩን ስትነግራት ሉሴ አረሟን ጥላ ቆመች፤ ካቡን አየች፣ ጠጠሩን አየች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሎቭሬ የሆነውን ሲሰማ ለደቂቃ ያህል ደነገጠ፤ ግን ቶሎ ነው የሚያገግመው። እንዲያውም ይሻላል ማለት ጀመረ። ማሳው በሙሉ ይነቀልና ለዋናተኞች ጥላ ያለው ማረፊያ ይሠራበታል፤ ወረቀቱም ተዘጋጅቷል፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። ፔሪና ወረቀቱ መቼ እንደተዘጋጀ ጠየቀችው።

«እህት ዓለም፣ አትቆጪ፤» አላት። «አንቺ በዓመት አሥር ቀን ነው የምትታዪው። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።»

ነገሩ እውነትነት ስለነበረው የባሰ አናደዳት። ትኬት የሌለውን ተሳፋሪ የምታይበትን ዓይኗን ተከለችበት።

«ስማኝ፤» አለችው። «ሐምሌ ሲገባ ይህ ማሳ ፍሬ ካልያዘ በገዛ እጄ እፈርምልሃለሁ። ከያዘ ግን ጠጠርህን አንስተህ ሁለቱን መደዳ ትመልስልኛለህ።»

ሎቭሬ ሳቀ። አበባው መፈንዳት ጀምሯል፤ ከዚያ እስከ ባሕሩ አንድ የጥቁር ወይን ግንድ የለም። እጁን ዘረጋላት፤ ተጨባበጡ።

ፔሪና ያን ምሽት ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። መንደሩ ውስጥ ጥቁር ያላቸው ሁለት ሰዎች አገኘች፤ አንደኛው የራሱ ነጭ እንዳይቸገር ሰጋ፣ የሌላኛው አበባ ገና እንደ ድንጋይ እንደተዘጋ ነው። በመጨረሻ የአባቷ ወዳጅ ለነበሩት፣ ከባሕር ሰርጡ ማዶ በፔልየሻጽ ተራራ ሥር ለሚኖሩት ለባርባ ስቴፔ ደወለችላቸው። ባርባ የሚባለው እዚያ አገር የተከበረ ሽማግሌ ሁሉ ነው። ጥቁር ወይንስ ሞልቷል፤ ግን የእኛ ቁልቁለት እሳት ነው፣ አበባው ካለፈ ሳምንቱ አሏት። መምጣቱ ድካም ብቻ እንደሚሆንባትም ጨመሩላት። ፔሪና አመስግና ስልኩን ዘጋች፤ በማግስቱም በመጀመሪያው ጀልባ ሁለት ባልዲ ይዛ ተሻገረች።

ባርባ ስቴፔ ከእነ ባልዲዋ ሲያዩዋት ሳቃቸው መጣ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ያም ሆኖ ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የሚወጡት። የታችኛው እርከን እውነትም አልፎ ነበር፤ በአበባው ፈንታ እንደ ሰናፍጭ የደቀቀ ፍሬ ቋጥሯል።

«ባርባ፣ ፀሐይ ዘግይታ የምትደርስበት ቦታ የለዎትም?»

ሽማግሌው ወደ ላይ በአገጫቸው ጠቆሟት። ከገደሉ ጥላ ሥር አንድ ጠባብ እርከን አላቸው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ከቀትር በኋላ ነው፤ አበባውም ሁልጊዜ ከሌላው ይዘገያል። ላብ በላብ ሆነው ወጡ። እርከኑ በአበባ ሞልቶ ነበር። ፔሪና አንዱን ዘለላ መዳፏ ላይ ስታራግፈው ቢጫ ብናኝ ቀረ፤ እንባዋ መጣ፤ ፊቷን አዞረች።

ባርባ ስቴፔ ግን አበባ በነፃ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። አንድ ዘለላ ከተቆረጠ አንድ ዘለላ ወይን ቀረ ማለት ነው፤ ያንቺ ሴቶች እንዲወልዱ የእኔ ወንዶች ለምን ይታረዱ አሉ። ፔሪና መለስ ብላ ግንዶቹን መረመረች። በየግንዱ ላይ ሁለት ሦስት ትርፍ ቅርንጫፍ አለ፤ መልቀም የሚገባው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር፤ የሽማግሌው ወገብ ግን ለዚህ እርከን ሳይበቃ ቀርቷል። ከትርፉም ብዙው አበባ ይዟል።

«ትርፉን እኔ ልልቀምልዎት፤» አለቻቸው። «እርከኑን እጨርስልዎታለሁ። የለቀምኩት የእኔ ይሁን።»

«ወገብሽ ይችለዋል? የከተማ ሰው እኮ ሆነሻል።»

«አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው ባርባ። ወገቤን ለእኔ ይተዉት።»

ሽማግሌው ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔሪና ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በሚነሳው ጀልባ ትሻገራለች፤ እስከ ረፋዱ ድረስ ጎንበስ ብላ ትርፍ ቅርንጫፍ ትለቅማለች፤ አበባ የያዘውን በባልዲ ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ የቀረውን እየጣለች። ቀትር ላይ ማሳዋ ትደርሳለች። ግማሹን ቅርንጫፍ ከእነ ባልዲው በመደዳዎቹ ራስ ላይ፣ ነፋሱ በሚገባበት በኩል ትሰቅለዋለች። የቀረውን ጋዜጣ ላይ ታራግፍና ብናኙን በብሩሽ እየነካች ዘለላ በዘለላ ትቀባለች። መጀመሪያ የተጠቀመችው የቀለም ብሩሽ ስለሻከረ አበባውን ሰበረባት። በሁለተኛው ቀን ኔቬንካ ባሏ ሳያያት መጥታ አንድ ነገር መዳፏ ውስጥ አስገባችላት። ለስላሳ የፊት ፓውደር መቀቢያ ብሩሽ ነበር።

«ከሠርጌ ወዲህ አልነካሁትም፤» አለች። «ወይኑ ይኳልበት፣ እትዬ ፔሪና።»

መንደሩ የሚያወራው አገኘ። ፔሪና ለወይኖቿ ሜካፕ ትቀባለች ተባለ። ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ሰዎች ቆም እያሉ ፎቶ ያነሷት ጀመር፤ አንዱ ለሠርግ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አዎ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። በመጀመሪያው ከሰዓት አንድ መደዳ ብቻ ነው የጨረሰችው። እጇ እየለመደ ሲመጣ ሁለት፣ ኋላም ሦስት ደረሰች። ማታ አልጋዋ ላይ ስትወጣ ጉልበቷን በእጇ አንስታ ነው የምታስገባው። ሎቭሬ ራት ላይ እንዴት ናቸው ሙሽሮቹ ይላታል፤ እሷ የዓሣዋን አጥንት ትለቅማለች።

በአምስተኛው ቀን ዘነበ። ብናኙ ጋዜጣው ላይ ሊጥ ሆነ፤ የተሰቀሉት ባልዲዎች ሞልተው ፈሰሱ። ፔሪና በረንዳው ላይ ቆማ ዝናቡን እያየች እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ማንም እንዳያያት ሳትደበቅ አለቀሰች። ሎቭሬ በመስኮቱ አያት። ከመስኮቱ ዞር አለ፤ ያን ማታ ስለ ሙሽሮቹም አልጠየቃትም።

ዝናቡ ባባራ ጊዜ ሉሴ ካቡ ላይ ተደግፋ ጠበቀቻት። ትንሽ ብናኝ ለእሷም እንድታካፍላት ለመነቻት፤ እንደ ጎረቤት፣ እንደ እናቷ ወዳጅ። ፔሪና ጋዜጣዋን ሳትዘረጋ አየቻት። ማካፈል ማለት የራሷን መደዳ መቀነስ ነው፤ ቀኗ ደግሞ እያለቀ ነው። ጀልባው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይነሳል፣ ባልዲ ይዘሽ ነይ አለቻት። ሉሴ ቅር ብሏት ሄደች። በማግስቱ ንጋት ላይ ግን ወደቡ ላይ ሁለት ባልዲ ይዛ ቆማ አገኘቻት፤ ባርባ ስቴፔም ቁልቁለቱ ላይ ሲያዩዋቸው ትዳር አፈላላጊው በዛ ብለው ቀለዱባቸው። አሮጊቷ ከተጠበቀው በላይ ፈጣን ለቃሚ ሆና ተገኘች።

አሥረኛው ቀን ሲመጣ አሥራ ሦስት መደዳ ተቀብቶ ነበር። አምስት ቀርቷል። ፔሪና ሁለት ቀን እንዲጨምሩላት ወደ መሥሪያ ቤት ደውላ ለመነች፤ በሕይወቷ ለምና አታውቅም፤ አልሆነም። የመጨረሻዋን ብናኝ በብልቃጥ አድርጋ ከብሩሹ ጋር ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሎቭሬ ቡናውን እየጠጣ ነበር።

«አምስት መደዳ ይቀራል፤» አለችው። «ይኸው ብናኙ። ጀልባዬ ደርሷል።»

«እዚያው ተዪው። እኔ የሴት ፀጉር ቤት የለኝም፤» አላት ቀና ሳይል።

ፔሪና ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ስፕሊት እስክትደርስ ድረስ ባሕሩን አላየችውም። ያን ሰሞን አውቶቡስ ውስጥ የተያዙ ሰዎች ዕድለ ቢሶች ነበሩ።

በሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ተሻገረች፤ ማታ የምትመለስበትን ትኬት አብራ ቆርጣለች። ለማንም አልደወለችም። ጠጠሩ በመኪና ተጨናንቆ ነበር፤ ባሕሩ ዳር የሕፃናት ጩኸት ይሰማል። ወደ መጀመሪያው መደዳ ገባች። ቅጠሉን ገለጠችው። ዘለላው ጠብቆ፣ አረንጓዴ ሽንብራ የሚያክል ፍሬ ሞልቶታል። ሁለተኛውን ገለጠች፤ ሦስተኛውን። አንዳንዱ ላይ ክፍተት አለ፤ ዝናቡ ያገኘው መደዳ ሳስቷል። ግን ይዟል። አሥራ ሦስተኛው ድረስ እየሮጠች አየች፤ ከካቡ ማዶ ሉሴ ኮፍያዋን አንስታ አውለበለበችላት።

ከዚያ ወደ አምስቱ ሄደች። ምስር እንደምታይ ታውቅ ነበር፤ ወንድሟ አምስቱን ቆጥሮ አልያዘም እንደሚላትም ታውቅ ነበር፤ ለዚያ የምትለውን በጀልባው ላይ ስታሰናዳ ነው የመጣችው። ቅጠሉን ገለጠች።

ከላይኞቹ ዘለላዎች ፍሬው ሞልቷል። ከታች ያሉት ባዶ ናቸው። ቀጣዩ ግንድም እንደዚያው፤ ከወገብ በላይ ሙሉ፣ ከወገብ በታች ምስር። አምስቱም መደዳ ከዳር እስከ ዳር እንደዚያው ነበር፤ አንዳንዱ ዘለላ ደግሞ ከመጠን በላይ ስለተቀባ ቢጫው ብናኝ ቅጠሉ ላይ እስካሁን ደርቆ ይታያል። ፔሪና መሃሉ ላይ ቆመች። ይህን የሠራው ጎንበስ ማለት የማይችል፣ ቦርጩ የሚያስቸግረው፣ በሕይወቱ ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው።

ሎቭሬ ከመኪናዎቹ መሃል ወጥቶ መጣ። አንድ እንግዳ መኪናውን እንዲያወጣ እየረዳ ነበር፤ ሲያያት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ነፋስ ነው፤» አለ፣ ሳትጠይቀው።

«ነፋስ ጎንበስ ይላል፣ ሎቭሬ።»

ጠጠሩን በጫማው ጫፍ ይቆፍር ጀመር። ፔሪና ልታቅፈው ፈለገች። ግን ታውቀዋለች፤ ብታቅፈው ይሸሻል፣ ከሸሸም ሁሉንም ነገር ይክዳል። ስለዚህ ቆማ ጠበቀችው።

ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ሰዎች በመሃላቸው እየተሽሎከሎኩ አለፉ። ሎቭሬ መኪናዎቹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከታቸው፤ ለከርሞ እነዚህ ሰዎች የት እንደሚያቆሙ እያሰበ እንደነበር ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ስንት ጉድጓድ ነው የምቆፍረው?» አላት።

«መቶ ሃያ፤» አለችው ፔሪና። «በየካቲት ችግኙን ይዤ እመጣለሁ። ያኔ ግን ጎንበስ ብለህ ነው።»